ነፃ ነዎት፣ ይለፉ!

ካሳዬ ዕድሜውን የጨረሰው በር ላይ ነው። በጎረምሳነቱ ፒያሳ አንድ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ቆሞ ቲኬት ሲቀድ ኖረ። ሲኒማው ሲዘጋ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በጥበቃነት ቀጠረው። እሁድ አረፈ ሲባል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ የአስተናጋጆች ኅብረት አባል ነውና፣ ባጁን አንጠልጥሎ እዚያም በር ላይ ይቆማል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያስገባና ሲያስወጣ፣ አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ «ካሳዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎት አያውቅም። እሱ ግን የሚለው ነበረው። ኧረ በምኑም በምኑም ላይ የሚለው ነበረው!

እንዲህ ያለው ሰው እጅ ላይ ነው እንግዲህ በ2012 መጋቢት መሣሪያ የወደቀው።

ኮሮና አገር ገባ በተባለ በሳምንቱ የሕንፃው አስተዳዳሪ ጠሩትና አንዲት ነጭ፣ ሽጉጥ የምትመስል የሙቀት መለኪያ ሰጡት። ግንባር ላይ ታነጣጥራለህ፣ ትጫናለህ፣ ቁጥር ይመጣል፤ ከሠላሳ ሰባት ተኩል በላይ ከሆነ አታስገባም። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ካሳዬ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዘበኛነቱን ረሳው። ጠበቃው፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ትናንት ሰላምታ የነፈገው ባለ ከረባት ሁሉ ፊቱ ቆሞ ግንባሩን ዘንበል ያደርግለታል። «ስንት ነኝ ካስዬ?» ይለዋል በልምምጥ። ካሳዬ ቁጥሩን ያያል፤ ቅንድቡን ያነሳል፤ ትንሽ ያስጨንቃል። ይቺን ትንሽ ማስጨነቅ ይወዳት እንደነበር ኋላ ራሱ አምኗል። ከዚያ «ሠላሳ ስድስት ከሁለት! ነፃ ነዎት፣ ይለፉ!» ይላል።

«ነፃ» በል ያለው ሰው አልነበረም። «ትኩሳት የለዎትም» ቢል ይበቃ ነበር። ግን «ትኩሳት የለዎትም» የነርስ ንግግር ነው፤ «ነፃ ነዎት» ግን የዳኛ። ካሳዬም ዳኝነቱን መረጠ።

ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ተበላሸ። በሐምሌ ጠዋት ብርድ ሰዉ ሁሉ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት ይሆን ጀመር። መለኪያዋ እንዳለችው ቢሆን ኖሮ የሕንፃው ግማሽ ሠራተኛ ከሞተ ሰነባብቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቺ ዕቃ አትሠራም» ብሎ ይመልሳታል። ካሳዬ ግን የራሱን ሕግ አወጣ፦ ለብርድ ሁለት ይጨመራል፤ ዝናብ የመታው ከሆነ ሁለት ተኩል፤ ከአምስት ኪሎ በእግሩ እየሮጠ የመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ይቀነስለታል። ጨው እንደሚመጥን ወጥ ቤት በእጁ እየመጠነ ማለት ነው። ይህንንም ለተረኛ ጓደኛው ቁጭ አድርጎ፣ በቁም ነገር፣ አስተማረው።

መለኪያዋ ጥበቃ ክፍል ብታድር ትሰረቃለች ብሎ አስፈቅዶ ይዟት ይገባ ነበር። እሪ በከንቱ የሚኖርበት ግቢ ስምንት በር፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ያለው የቀበሌ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት የግቢው ሰው ቧንቧው ጋ ይሰለፍለታል፤ ካሳዬም ፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ ሲለካ ያረፍዳል። ሚስቱ ተሾመች «ዶክተር፣ ቁርስዎ ቀዘቀዘ» ስትለው ስድብ መሆኑ አይገባውም ነበር።

ነገሩን ያልወደደችው ልጁ ትህትና ናት። ትህትና የላቦራቶሪ ባለሙያ ነች፤ ከተማውን እየዞሩ ናሙና ከሚወስዱት ቡድኖች በአንዱ ተመድባለች። ለእናት አባቷ ፈርታ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሌላ ቤት ገብታ፣ እሁድ እሁድ መጥታ ከግቢው በር ላይ ብቻ ሰላም ብላቸው ትሄዳለች።

«አባዬ፣ ትኩሳት የለም ማለት እኮ በሽታው የለም ማለት አይደለም» አለችው አንድ እሁድ። «እየመረመርን ከምናገኛቸው ብዙዎቹ ምንም የማያማቸው ናቸው።»

«የማያመው በሽተኛ!» ካሳዬ ወደ ግቢው ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ሰማችሁልኝ? ይቺን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማርኳት ይህን እንድትነግረኝ ነው። እንግዲያውስ እኔም ያልጠጣሁ ሰካራም ነኝ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ትህትና አልሳቀችም።

«ሳያመው ለሌላ ሰው ያስተላልፋል አባዬ።»

«ያስተላልፋል አያስተላልፍም እየተባባሉ ትላልቆቹ ሐኪሞች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እነሱ እስኪስማሙ እኔ ሥራዬን ልሥራ። በይ ግንባርሽን አምጪ!»

አመጣች። ሠላሳ ስድስት ከአራት። «ነፃ ነሽ፣ ግቢ!» አላት። አልገባችም። «ሌላው ቢቀር ማስክህን ከአገጭህ ላይ አንሣው» ብላው ሄደች።

ማስኩ አገጩ ላይ የወረደው ግን በዝርክርክነት አልነበረም። ምክንያቱ እትዬ ረሂማ ናቸው። እትዬ ረሂማ ከደሴ በሙሽርነት መጥተው እዚያው ግቢ ውስጥ ያረጁ፣ ሰባ አራት ዓመት የሆናቸው፣ አስም ያለባቸው ሴት ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ሱሀይብ። ጂቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ያን ጊዜ የሾፌር ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ ይሸሽ ነበርና፣ ሱሀይብ ከመጋቢት ወዲህ እናቱ ደጃፍ አልደረሰም። «ከክፍልሽ እንዳትወጪ» ብሎ በስልክ አስምሏቸዋል፤ እሳቸውም አልወጡም። ምግባቸው በር ላይ ይቀመጥላቸዋል፤ ሶላታቸውን እዚያው ይሰግዳሉ። ጠዋት ጠዋት የሚያገኛቸው ሰው ካሳዬ ብቻ ነው፤ እሳቸው ከደጃፋቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሱ ከውጭ ጎንበስ ብሎ ይለካቸዋል።

«ሠላሳ ስድስት ከሁለት፣ እትዬ ረሂማ።»

«ምን አልክ?»

«ሠላሳ ስድስት ከሁለት!»

«አልሰማም ካሳዬ! አፍህን ግለጠው። አፉን የሸፈነ ሰው ምን ምስክርነት አለው?»

ካሳዬም ማስኩን ወደ አገጩ ያወርድና ጠጋ ብሎ «ነፃ ነዎት እትዬ!» ይላቸዋል። «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ ፊታቸው በርቶ። ከዚያም የትናንቱን ዜና ይጠይቁታል፤ እሱም ዜና ከጠየቁት መቼ ይጠግባል፣ ሩብ ሰዓት ያወራል።

አረፋ ሲቃረብ እትዬ ረሂማ አላስችል አላቸው። «ልጄ በአረፋ እንኳ ይግባና ልየው» አሉ። ሱሀይብ በስልክ ፈራ ተባ አለ። በመጨረሻ እትዬ ረሂማ ራሳቸው ፍርድ ሰጡ፦ ሱሀይብ ግቢው በር ላይ ይቆማል፣ ካሳዬ ይለካዋል፣ ካሳዬ ነፃ ነው ካለ ይገባል። ሱሀይብ ደግሞ ለካሳዬ ለብቻው ደወለለት። «ጋሼ ካሳዬ፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ትንፋሿን ያውቁታል። እስከዚያው አደራ» አለው። ካሳዬ ደረቱን ነፋ። «አታስብ የእኔ ልጅ። እኔ እያለሁ በዚህ በር የሚያልፍ በሽታ የለም» አለ።

ይህን ባለ በሦስተኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን በሙሉ አስመረመረ። ካሳዬ ግዳጅ ስለሆነ ብቻ ተሰለፈ። ያቺ ቀጭን እንጨት አፍንጫው ውስጥ ስትገባ «እህት፣ ሐሳቤን ልትነኪው ነው እንዴ?» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀ። ረሳውም። አረፋ አርብ ሊውል፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ረጋ ያለች ሴት ስሙን እስከ አያቱ ጠራችና ውጤቱ ፖዘቲቭ መሆኑን ነገረችው።

«የእኔ?» አለ ካሳዬ። «ተሳስተሻል እህት። እኔ እኮ ለኪው ነኝ!»

«አቶ ካሳዬ፣ የሚሰማዎት ሕመም አለ?»

«ምንም! ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ስድስት ከአንድ ነበርኩ፤ ራሴው ነኝ የለካሁት!»

ሴትየዋ አልሳቀችም፤ በቀን ስንት እንዲህ ያለ ሰው ታናግር ይሆናል። አምቡላንስ ስለተጨናነቀ እስኪመጡለት ቤቱ ከሰው ተለይቶ እንዲቆይ ነግራው ዘጋች። ካሳዬ ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሽጉጧን ግንባሩ ላይ ደገነ። ሠላሳ አራት ከሁለት፤ ለብርድ ሁለት ሲጨመር ሠላሳ ስድስት ከሁለት። ደገመው። ሠለሰው። ሰባት ጊዜ ለካ፤ ሰባቱንም ጊዜ ነፃ ወጣ። ወዲያው ለትህትና ደወለ።

«ስህተት ይኖራል አይደል? ምርመራው ይሳሳታል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«አልፎ አልፎ ይሳሳታል አባዬ።» አለችው። «ሰው ስትለካ ግን ማስክህ የት ነበር?»

የካሳዬ እጅ ወደ አገጩ ሄደ። ዓይኑ ፊት ግንባር ተሰለፈ፤ የጠበቃው፣ የሒሳብ ሹሙ፣ በቀን ሦስት መቶ ግንባር። ሁሉንም ማሰብ ስላቃተው ሐሳቡ እየዞረ አንድ በርጩማ ላይ አረፈ። በየቀኑ፣ ሩብ ሰዓት፣ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣ አፉን ገልጦ። 

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ደግ አልነበረም። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቤቱ ቢገባ ማን ያውቅበታል? አረፋም በሰላም ያልፋል፤ ስሙም ይተርፋል። ቢናገር ግን እትዬ ረሂማ ልጃቸውን ሳያዩ በዓሉ ሊያልፍ ነው፤ እሱም የእሪ በከንቱ መሳቂያ ሊሆን ነው። ይህን እያሰላሰለ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጣ። ታክሲ አልደፈረም። ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ሰው ባየ ቁጥር መንገድ እየተሻገረ፣ አሥር ደቂቃ የማይፈጀውን መንገድ ሠላሳ ደቂቃ ሄደ። የሚያውቁት ሊስትሮዎች «ካስዬ፣ ከማን ጋር ነው ድብብቆሹ?» አሉት። መልስ ያልሰጠበት ቀን ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ግቢው ሲደርስ እትዬ ረሂማ በራቸውን ከፍተው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። እሱን ሲያዩ፣ በቀን ምን አመጣው ሳይሉ፣ ፈገግ አሉ። ካሳዬ ያሰበው ውሸት ሁሉ እዚያው ጠፋው። ቧንቧው ጋ፣ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ቆመ።

«እትዬ ረሂማ! ተመርምሬ ተገኘብኝ!» ብሎ በማስኩ ውስጥ ጮኸ። «ነፃ ነዎት ያልኩዎትን ሁሉ ይሰርዙልኝ! እኔ ራሴ ነፃ አልነበርኩም!»

ስምንቱም በር ተከፈተ። ልጆች በየእናታቸው ቀሚስ ተጎተቱ፤ ኢክራ የምትባለው ጎረቤት ያሰጣችውን ልብስ ከገመዱ ላይ ሰብስባ ገባች። ካሳዬ እትዬ ረሂማ ያልሰሙ መስሎት ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ደገመው። ምናልባት ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ተሰምቷል።

«አትጩህ ካሳዬ» አሉ እትዬ ረሂማ በቀስታ። «እሰማሃለሁ።»

«ኧ?»

«ድሮም እሰማ ነበር። ጆሮዬ ምንም አልሆነ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «አራት ወር ሙሉ ሰው የተባለ ሁሉ ዓይን ብቻ ሆነብኝ። ጠዋት ላይ አንድ ሙሉ ፊት ማየት አማረኝ፤ ያንተም ፊት ቢሆን። ቁጥሩንማ ማን ፈለገው ብለህ ነው።»

ካሳዬ ያን ሁሉ ጊዜ ሙያው የተፈለገ መስሎት ሲኮራ ኖሮ፣ የተፈለገው ይኸው የተጨማደደ ፊቱ ኖሯል። ደግሞ «ያንተም ፊት ቢሆን» ተብሎ! ሊስቅ ሞከረና እንባው ቀደመው። ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ለሱሀይብ ደውለው አትምጣ ያሉት እትዬ ረሂማ ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩትም።

በማግስቱ ትህትና ያለችበት ቡድን መጥቶ ከግቢው ሃያ ሦስት ሰው ናሙና ወሰደ። ካሳዬ እስከ አርብ አንዲት ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ከረመ፤ ተሾመች ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ ሦስት ጊዜ አንኳኩታ ትሸሻለች። አርብ ጠዋት የአረፋ ተክቢራ ከየቤቱ ሬዲዮ እየተሰማ ውጤቱም አምቡላንሱም አብረው መጡ። ከሃያ ሦስቱ አንድ ሰው ተገኘበት፤ እትዬ ረሂማ። ሠላሳ ዓመት አጠገቡ የተኛችው ተሾመች እንኳ ምንም የለባትም። «ድሮም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምተኛው» አለች።

አምቡላንሱ በእሪ በከንቱ ቅያስ አይገባም። ስለዚህ እትዬ ረሂማ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ሰው ከጎናቸው ሆኖ፣ ካሳዬ ከኋላ ራቅ ብሎ እየተከተለ፣ ሰፈሩ ሁሉ በየመስኮቱ እያየ፣ በእግር ወደ አስፋልቱ ወጡ። አስፋልቱ ዳር ሱሀይብ ቆሟል። አትምጣ ቢባልም አላስቻለውም፤ አንድ እጁ ላይ በግ በገመድ ይዟል።

«እማ!» ብሎ ሊሮጥ ሲል ነጭ የለበሰው ሰው እጁን ዘርግቶ አቆመው። «ማን ነው ያስያዘሽ? ከቤት አልወጣሁም ብለሽኝ የለም እንዴ?» ዓይኑ ካሳዬ ላይ አረፈ።

ካሳዬ አፉን ከፈተ። እትዬ ረሂማ ግን ቀደሙት።

«ማንም አላስያዘኝ። እኔ ነኝ ለካሳዬ ያስያዝኩት።»

ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እትዬ ረሂማ በአራት ወር ውስጥ ከደጃፋቸው ፈቀቅ አላሉም።

«ኧረ እትዬ ረሂማ፣ በጌታ ይተዉ!» አለ ካሳዬ። «ሱሀይብ፣ እኔ ነኝ። አፌን ገልጬ አፍንጫቸው ሥር ስለፈልፍ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ዝም በል፣ እኔ ነኝ አልኩ!»

«ከየት አምጥተውት?»

«በመስኮት ገብቶብኝ ይሆናላ! አንተ ምን አገባህ?»

«እባካችሁ ግቡ» አለ ነጭ የለበሰው ሰው። «ማን ለማን እንዳስያዘ ምርመራው አይናገርም።»

ሱሀይብ ግን የሚፈልገውን ሰምቷል። «አደራ ብዬዎት አልነበር ጋሼ ካሳዬ?» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። በምኑም በምኑም ላይ የሚለው የነበረው ካሳዬ አንዲት ቃል አጣ። አንገቱን ደፍቶ አምቡላንሱ ውስጥ ገባ።

አምቡላንሱ ባደረሳቸው ማቆያ ካሳዬ አሥራ አራት ቀን ሲቀመጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ወዙ ሁሉ ተመለሰ፤ ጤንነቱ እንደ ሌብነት አሳፈረው። እትዬ ረሂማ በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራቸውና ኦክስጅን ላይ ተደረጉ። ካሳዬ ነርሶቹን ባየ ቁጥር «ስንት ሆኑ?» ይላል፤ የደም ኦክስጅናቸው ሰማንያ ስምንት ነው ይሉታል፣ ሰማንያ ስድስት ይሉታል፤ እሱ አልጋው ላይ ተደፍቶ ይጸልያል። የልመናው ቃል ሲያልቅበት «ጌታ ሆይ፣ እኔን እንኳ ትንሽ አሳለኝ» አለ ይባላል። ይህን ያወራው ራሱ ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን መዳኑን የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ካሳዬ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ከማቆያው አጥር ውጭ ሱሀይብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ በየቀኑ ይመጣ ኖሯል። ካሳዬም ራቅ ብሎ ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ቀን እንዲህ ሰላም ሳይባባሉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንዲት ነርስ በአጥሩ በኩል ሱሀይብን ጠርታ፣ እናቱ ያለ ኦክስጅን እንዳደሩና ሾርባ እንዳማራቸው ነገረችው።

ሱሀይብ አጥሩን ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ዞሮ ካሳዬን አየው። ወደ እሱ መጣና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ኑ እንጂ ጋሼ ካሳዬ!»

ካሳዬ ብድግ አለ። ክንዶቹ ወደ ላይ ወጥተው ነበር፤ ግን ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸ።

«ምነው? ድነዋል ብለው ወረቀት ሰጥተውዎት የለም እንዴ?»

«ሰጥተውኛል» አለ ካሳዬ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ አጥፎ መለሰው። «ግን እኔ እንጃ ልጄ። እሳቸውን ገብተህ ልታያቸው አይደል? እኔ እንጃ።»

ሱሀይብ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ሁለቱም በየቆሙበት ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ሱሀይብ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ሾርባው የሚገኝበትን ቤት ጠየቀው፤ ካሳዬም ከሩቅ በጣቱ እያመለከተ አሳየው።